ማዘርቦርዱ ተቀየረ፣ ሬይድ ካርዱ ጠፋ፦ የአንድ የኮምቦልቻ ሰርቨር ጉዳይ ጥናት

ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አንድ የግንባታ ዕቃ ጅምላ ሻጭ ከደረቅ ወደቡ ቆርቆሮና ብረት እየተረከበ ወደ ደሴ፣ ሐይቅና ወልድያ ያከፋፍላል። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፣ የመጋዘን መዝገቡ፣ ስካን የተደረጉት ደረሰኞች ሁሉ ያሉት በአንድ ታወር ሰርቨር ላይ ነው፤ አምስት ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ይገቡበታል። ማሽኑ እየተንቀራፈፈ ስለመጣ በሰኔ ወር ደሴ ተወስዶ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ራሙ ተቀየሩ። ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ዲስክ አስሮ የሚያሠራው ሬይድ ካርድና ዲስኮቹ የድሮዎቹ ሆነው ቀሩ። ካርዱ ሲሰካ ማሽኑ ዲስፕሌይ አልሰጥ አለ።

የሒሳብ ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ቆጠራው ተጀምሯል፣ የሒሳብ ሠራተኛዋም ወረቀት ታቅፋ ትጠብቃለች። ለሰኔ መዝጊያ ጥቂት ቀን ሲቀር የሒሳብ ሰርቨር አይፈታም። ሥራው ሐምሌ እስኪገባ ቢቆይ ኖሮ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእርጋታ ይሠራ ነበር።

ካርዱ ከሰርቨር የወጣ፣ ኤልኤስአይ ኤስኤኤስ2008 በሚባለው ቺፕ የተሠራ ነው፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 2.0፣ ባለ8 መስመር። የራሱ ካሽ ሜሞሪም ባትሪም የለውም። አራት ባለ500 ጊጋባይት ሳታ ዲስኮች በሬይድ 5 ታስረውበታል፤ የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለፓሪቲ (አንድ ዲስክ ቢሞት መረጃውን መልሶ ለማስላት ለሚያስችለው ትርፍ መረጃ) ስለሚሄድ ለሥራ የሚቀረው 1.5 ቴራባይት ነው። ዊንዶውሱ ለብቻው በአንድ ኤስኤስዲ ላይ ተጭኖ በማዘርቦርዱ ሳታ ፖርት ላይ ተሰክቷል። አሮጌው ቦርድ የሰርቨር ቦርድ ነበር። አዲሱ ተራ የቢሮ ቦርድ ነው፦ ኢንቴል ቢ365 ቺፕሴት፣ ኮር አይ5-9400፣ ሁለት ባለ8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም።

ለባለቤቱ የተነገራቸው «ካርዱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ከአዲስ አበባ ይምጣ፣ ዲስኮቹም ፎርማት ተደርገው እንደ አዲስ ይጫን» የሚል ነው። ይህ አባባል ሁለት ስሕተት አለው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ይከፋል። መረጃው ያለው ዲስኮቹ ላይ ነው። ሬይዱ እንዴት እንደታሰረ የሚናገረው መዝገብም በየዲስኩ መጨረሻ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ካርዱ በእርግጥ ቢቃጠል እንኳ ተመሳሳይ ካርድ ተገዝቶ ዲስኮቹ ቢሰኩበት ያንን መዝገብ አንብቦ ሬይዱን ይመልሰዋል። ፎርማት የሚያስፈልግበት አንድም ምክንያት የለም። ባለቤቱ ስልክ ደውለው «መረጃው አለ ወይስ የለም?» ሲሉ የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፦ «ሐጂ፣ ዲስኮቹን ማንም አይንካቸው እንጂ አለ።»

እስከዚያ ድረስ ግን ተነክተዋል። ካርዱ እምቢ ሲል ዲስኮቹ ተነቅለው በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክተው ነበር። ዊንዶውስ እንዲህ ያለ ዲስክ ሲያይ አያውቀውም፤ «ዲስኩ ኢኒሺያላይዝ ይደረግ» የሚል መስኮት ይከፍትና ከሁለቱ የዲስክ ክፍፍል መዝገብ ዓይነቶች ኤምቢአር ወይም ጂፒቲ ምረጡ ይላል። ኦኬ የሚለውን የተጫነ ሰው ቢኖር ኖሮ ኤምቢአሩ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ያጠፋዋል። ጂፒቲ ከተመረጠ ደግሞ ግልባጩን የዲስኩ የመጨረሻ ሴክተር ላይ ይጽፋል፤ የሬይዱ መዝገብ መነሻ የሚቀመጠውም እዚያው ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ካንስል ተብሏል። የሬይድ አባል የሆነ ዲስክ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ዊንዶውስ ባለበት ማሽን ላይ ባይሰካ ይመረጣል።

ጥፋቱን መለየት

ማሽኑ ከደሴ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ስለመጣ መጀመሪያ የተጠረጠረው የካርዱ መላላት ነው። ካርዱ ወጥቶ፣ ስሎቱ ውስጥ የሚገቡት የወርቅ ጣቶቹ በአልኮል ተጠርገው፣ ተመልሶ እስኪቆለፍ ተገፋ። ለውጥ የለም። ፓወር ሰፕላዩ በሌላ ደህና ፓወር ሰፕላይ ተተካ። አሁንም ያው ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ነው መንገዱን ያሳየው። በቅድሚያ ከካርዱ ወደ ዲስኮቹ የሚሄደው ኬብል ሙሉ በሙሉ ተነቀለ። ይህ መዘለል የሌለበት እርምጃ ነው። ካርድ ሲፈተሽ ማሽኑ አሥር ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። በዚያ መሃል ከአራቱ ዲስኮች ሦስቱ ብቻ የታዩበት አንድ መነሣት ከተፈጠረ ሬይዱ ጎዶሎ ሆኖ ይነሣና አራተኛው ዲስክ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ዲስክ ከጎደለ ደግሞ ጭራሽ ይወድቃል። ከካርዱ ጋር ምንም ዲስክ ከሌለ ግን የሚጎዳ ነገር የለም።

ካርዱ ሲወጣ ማሽኑ ወዲያው ይነሣል፣ 16 ጊጋባይት ራሙንም ያያል። ካርዱ ሲገባ ፋኑ ሦስት አራት ሰከንድ ዞሮ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይቆማል። ቦርዱ ላይ ከራሙ አጠገብ ያለችው ትንሿ ቀይ መብራት በርታ ትቀራለች። ይህችን መብራት ያየ ሰው ራሙን ሲያወጣና ሲያገባ ይውላል። ራሙ ግን ካርዱ በሌለበት ደህና ነው። በዚያው ስሎት ተራ የኔትወርክ ካርድ ሲሰካ ማሽኑ ይነሣል፤ ስለዚህ ስሎቱም ደህና ነው። ካርዱ ወደ አሮጌው ማዘርቦርድ ተመልሶ፣ ያለ ዲስክ፣ ሲሞከር የራሱን ጽሑፍ ስክሪን ላይ አወጣ፤ ስለዚህ ካርዱም አልተቃጠለም።

ለየብቻቸው ጤነኛ የሆኑ ሁለት ዕቃዎች አብረው ሲሆኑ የሚሞቱ ከሆነ ጥያቄው «የቱ ተበላሸ?» መሆኑ ይቀርና «በምን መስመር ተጋጩ?» ይሆናል። የራሟ መብራት መስመሩን ትጠቁማለች።

ማዘርቦርድ ገና ሲነሣ ራሙን በቀጥታ አያውቀውም። ኤስኤምባስ በሚባል ባለሁለት ሽቦ ዘገምተኛ መስመር በኩል እያንዳንዱን ራም ይጠይቃል፦ ስንት ጊጋባይት ነህ? ፍጥነትህ ስንት ነው? ራሙ ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ ትመልሳለች። በብዙ ቦርዶች ላይ ያው ባለሁለት ሽቦ መስመር ካርድ ወደሚሰካባቸው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎቶችም ይዘረጋል። ከሰርቨር የሚወጡ አንዳንድ ካርዶች በዚህ መስመር ከሰርቨሩ ተቆጣጣሪ ቺፕ ጋር ይነጋገሩበታል። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ስም ሲጠራ ሁለቱም «አቤት!» እንደሚሉት ሁሉ፣ ቦርዱ ራሙን ሲጠራ ካርዱ ጣልቃ ይገባል፣ ወይም መስመሩን ይዞ አይለቅም። ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሣው የቦርዱ ፕሮግራም) የራሙን መልስ ካላነበበ ራም የለም ብሎ ይቆማል፤ ዲስፕሌይም አይመጣም። አሮጌው የሰርቨር ቦርድ እንዲህ ያለውን ካርድ አብሮ ለማኖር የተሠራ ስለነበር ለዓመታት ችግር አልታየም። አዲሱ ቦርድ የራሙንና የስሎቱን መስመር አንድ ላይ አድርጎታል። በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ማሽኑ ይነሣና ግማሹ ራም ብቻ ይታያል፤ ምክንያቱ ያው ነው።

ሁለት ሚሊሜትር ቴፕ

ካርዱ ሥራውን የሚሠራው በሌሎቹ ጣቶች ነው። በተራ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱ የኤስኤምባስ ጣቶች ቢሸፈኑ የሚጎድል ነገር የለም። ጣቶቹ ቢ5 እና ቢ6 ይባላሉ።

ለማግኘት ካርዱን ቺፑና ሂት ሲንኩ (ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) ወደ እናንተ እንዲያይ፣ የወርቅ ጣቶቹ ወደ ታች፣ ከኬዙ ጋር በብሎን የሚታሰረው የብረት ሳህን በግራ በኩል እንዲሆን አድርጋችሁ ያዙ። ከግራ ተነሥታችሁ ስትቆጥሩ አምስተኛውና ስድስተኛው ናቸው። አንዳንድ ካርድ ላይ የማያስፈልግ ጣት ጭራሽ ስለማይኖር ቆጠራው ሊያስት ይችላል፤ ስለዚህ ከሌላ ወገንም አረጋግጡ። የጣቶቹን መደዳ ለሁለት ከሚከፍለው ቁርጥ በፊት የ11 ጣት ቦታ አለ። ከቁርጡ ወደ ግራ ሲቆጠር ቢ6 ስድስተኛ፣ ቢ5 ሰባተኛ ይሆናል። ሁለቱ ቆጠራዎች ካልተገናኙ ቴፑ አይለጠፍ። በስተግራ ያሉት ሦስቱ ጣቶች 12 ቮልት የሚገባባቸው ናቸው፤ እነሱን መሸፈን ካርዱን ማስራብ ነው።

ቴፑ የሞባይል ጠጋኞች ቺፕ ሲያሞቁ ዙሪያውን የሚሸፍኑበት ሙቀት የሚችለው ስስ ቢጫ ቴፕ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ጠጋኞቹ ዘንድ አይጠፋም። ፕላስተርም የኤሌክትሪክ ጥቁር ቴፕም አይሆኑም፤ ወፍራም ናቸው፣ ሙጫቸውም ሲሞቅ ስሎቱ ውስጥ ይቀራል። እያንዳንዱ ጣት 0.7 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ከአንዱ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 1 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጣቶች በድምሩ 1.7 ሚሊሜትር ይይዛሉ፣ 2 ሚሊሜትር የሆነ ቴፕ ልክ ይሸፍናቸዋል። ቴፑን መስታወት ላይ ለጥፎ በብረት ማስመሪያና በአዲስ ምላጭ መቁረጥ ይቀላል። ርዝመቱ ከጣቶቹ አልፎ አረንጓዴው ቦርድ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ይውጣ፤ የታችኛው ጫፍ ከካርዱ ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን። በጥፍር ደህና አድርጎ ከተጫነ በኋላ ካርዱ ሲገባ ወዲያና ወዲህ ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ከተወዛወዘ የስሎቱ ምላስ ቴፑን ጠቅልሎ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ አንዴ አስገብቶ፣ መልሶ አውጥቶ፣ ቴፑ በቦታው መሆኑን ማየት ደግ ነው። እዚህ ማሽን ላይ በመጀመሪያው ሙከራ ቴፑ ተጠቅልሎ ነበር፤ ሁለተኛው ያዘ።

ማሽኑ በራ። 16 ጊጋባይት ራም ታየ። የካርዱ የራሱ ጽሑፍ ግን አልወጣም።

ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ፈውሱም ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ዕድሜ ያለው ካርድ መነሻ ፕሮግራሙ ለአሮጌው ባዮስ የተጻፈ ነው። አዲሱ ቦርድ ላይ እንዲህ ያለውን አሮጌ ፕሮግራም የሚያስቀበለው ሲኤስኤም የተባለው ምርጫ ካልተከፈተ አይጠራም። ባዮስ ውስጥ ሲኤስኤም ተከፈተ፣ የዲስክ ካርዶችን መነሻ ፕሮግራም የሚመለከተው ስቶሬጅ ኦፕሽን ሮም ደግሞ ሌጋሲ (የአሮጌው ዓይነት) ተደረገ። ያን ጊዜ ካርዱ ስክሪኑ ላይ ወጥቶ የቀድሞዎቹ ዲስኮች በሙሉ እንደጠፉበት፣ ማሽኑ ጠፍቶ ኬብል እንዲታይ ተናገረ። ዲስኮቹ ሆን ተብሎ ስለተነቀሉ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ዲስኮቹን መመለስ

ዲስኮቹ ካርዱ ላይ ከመመለሳቸው በፊት ግልባጭ ተወሰደላቸው። ባለቤቱ የሚቸኩሉበት ሰዓት ስለሆነ ይህን መዝለል ያጓጓል፤ መዘለል የለበትም። ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ፣ ዲዲሬስኪው በተባለው ፕሮግራም፣ እያንዳንዱ ዲስክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሴክተር አንድ ባለ4 ቴራባይት ውጫዊ ዲስክ ላይ ተገለበጠ። በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ አንዱ 500 ጊጋባይት ዲስክ 83 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ አራቱ ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ናቸው። ውጫዊው ዲስክ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል እንደ ኤንቲኤፍኤስ ያለ ሌላ ፎርማት መሆን አለበት። ዲስኮቹ የሚሰኩት አንድ በአንድ ነው። ሊኑክስ የሬይድ መዝገብ ሲያይ ራሱ ሊያስነሣው ይሞክራል፤ ከአራቱ አንዱን ብቻ ካየ ግን ሊያስነሣው አይችልም። ምንጭና መድረሻ እንዳይገለበጥ ትእዛዙ ከመጫኑ በፊት የዲስኩ ሲሪያል ቁጥር በዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ጋር ይመሳከራል።

ግልባጩ ካለቀ በኋላ ማሽኑ ጠፍቶ አራቱም ተሰኩ። መጀመሪያ ሲበራ ካርዱ ሦስት ብቻ ቆጠረና የጎደለ ዲስክ አለ አለ። እዚህ ላይ ምንም ቁልፍ ሳይነካ ማሽኑ ጠፋ። ጥፋቱ ከአንድ የፓወር ኬብል ሁለት ዲስክ ለማብላት የገባ ማከፋፈያ ነበር፤ አንዱ ጫፉ ልል ነው። ተጥሎ ዲስኩ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ተሰካ። እንደገና ሲበራ አራቱም ታዩ፤ ካርዱም ፎሪን ኮንፊገሬሽን አገኘሁ አለ። ያለ ዲስክ ስለተነሣ የድሮውን መዝገብ ከራሱ ላይ ጥሎታል፤ አሁን ዲስኮቹን እንደ እንግዳ ያያቸዋል።

ሁለት ምርጫ አለ። ኢምፖርት መዝገቡን ከዲስኮቹ ይወስዳል። ክሊር ያንኑ መዝገብ ያጠፋል። ሁለቱ በአንድ ሜኑ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እዚህ ላይ ነው ጣት መረጋጋት ያለበት። የኤፍ ቁልፍ ተጫነ፣ ኢምፖርት ተደረገ፣ ሬይዱም አራቱንም ዲስክ ይዞ ኦፕቲማል (ሙሉ ጤነኛ) ሆኖ ተመለሰ። ኢምፖርቱ ከመጽደቁ በፊት አንዱ ዲስክ ከሌሎቹ ኋላ የቀረ ሆኖ ቢታይ ያንን ዲስክ በግድ ኦንላይን ማድረግ አይፈቀድም፤ ያረጀ መረጃ ከአዲሱ ጋር ይቀላቅላል። በሦስቱ ተነሥቶ አራተኛው ሪቢልድ ይደረጋል፤ ማለት ከሦስቱ መረጃ እንደገና ይሞላል።

ዊንዶውስ ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን፣ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ»። ደሴ ላይ «ይህ ሰርቨር ሬይድ ስላለው» ተብሎ የማዘርቦርዱ ሳታ ሞድ ከተራው ኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ተቀይሮ ኖሯል። ያ ምርጫ የሚመለከተው የማዘርቦርዱን የራሱን ፖርቶች ነው፤ ከካርዱ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። ኤስኤስዲው ላይ ያለው ዊንዶውስ ደግሞ ለኤኤችሲአይ የተጫነ ነው። ወደ ኤኤችሲአይ ሲመለስ ተነሣ። አዲሱ ኔትወርክ ካርድ አድራሻውን በራሱ ስለወሰደ አምስቱ ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን አላገኙትም፤ የድሮው ቋሚ አይፒ ተሰጠው። የዊንዶውስ ፈቃዱም ማዘርቦርድ ስለተቀየረ እንደገና አክቲቬት መደረግ ነበረበት።

ፋይሎቹ መጀመሪያ የታዩት ጥገና በማያደርግ ቼክ ዲስክ ነው፤ ማስተካከያው ያልተጨመረው ሆን ተብሎ ነው። ከዚያ በካርዱ በኩል የፓሪቲ ፍተሻ ሌሊቱን ሄደ። የመጨረሻው ማረጋገጫ የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፦ ፒችትሪው ላይ የገባውን የመጨረሻ የደረሰኝ ቁጥር ከወረቀት ፓዱ ጋር አስተያየችው። ልክ ነው።

ሦስተኛው ቀን

ማሽኑ ሁለት ቀን ደህና ሠራ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ድራይቩ ጠፋ። የዊንዶውስ ኢቨንት መዝገብ ላይ ቁጥር 129 ተደርድሯል፤ ዊንዶውስ መልስ አጥቶ ካርዱን ሪሴት ሲያደርግ የሚጻፍ ነው። ኬዙ ተከፍቶ የካርዱ ሂት ሲንክ ሲነካ ጣት አያቆይም።

ይህ ቺፕ 10 ዋት ገደማ ይበላል፤ ፋን የለውም። የተሠራው ከፊት ብዙ ፋን አየር እየገፋ በሚያልፍበት የሰርቨር ኬዝ ውስጥ ለመቀመጥ ነው። አሮጌው ቦርድ ላይ ካርዱ ከታች፣ ከፊተኛው ፋን ትይዩ ነበር። አዲሱ ላይ ከላይ ባለው ስሎት ከፕሮሰሰሩ ሥር ተቀምጧል፣ አየሩ አይደርሰውም። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቀዝቃዛ ናት። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ሆና በሰኔ ትሞቃለች፤ አየሯም ከባሕር ጠለል አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንኑ ያህል ያንሳል። ደሴ ላይ የተሞከረ ማሽን እዚህ ተሞክሯል ማለት አይደለም።

ካርዱ ወደ ታችኛው ረጅም ስሎት ወረደ። እዚያ የሚያገኘው አራት መስመር ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ትውልድ ፍጥነት አንዱ መስመር በሰከንድ 500 ሜጋባይት ስለሚያሳልፍ በድምሩ 2 ጊጋባይት ይሆናል። አራት ተራ ዲስኮች ተደምረው የዚያን ሢሶ እንኳ አይሞሉም። ከዚያ አንድ ባለ80 ሚሊሜትር ፋን ከሂት ሲንኩ ሦስት ሴንቲሜትር ርቆ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታሠረ። ፋኑ የተሰካበት ፖርት ባዮስ ውስጥ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት እንዲዞር ተደረገ፤ ባዮሱ የካርዱን ሙቀት ስለማያውቅ በራሱ እንዲወስን ከተተወ ያዘገየዋል። ያው ፋይል ሦስት ጊዜ ተገለበጠ፣ 129 አልተመለሰም።

የዲስኮቹ የራሳቸው የመጻፊያ ካሽ ካርዱ ላይ ተዘጋ፤ መብራት ሲሄድ ገና ያልተጻፈ መረጃ ይዞ እንዳይጠፋ። ፍጥነቱን ትንሽ ይቀንሳል፣ ለሒሳብ መዝገብ ግን ይህ ይሻላል። ዩፒኤሱ መብራት ሲጠፋ ዊንዶውስን ራሱ እንዲዘጋ በዩኤስቢ ኬብል ተያያዘ። ግልባጭ የተወሰደበት ውጫዊ ዲስክ ሰርቨሩ ካለበት ክፍል ወጥቶ የባለቤቱ ቤት ተቀምጧል።

ኬዙ ከመዘጋቱ በፊት ክዳኑ ላይ በውስጥ በኩል አንድ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ሬይድ ካርዱ ላይ 5ኛውና 6ኛው ጣት በቢጫ ቴፕ ተሸፍኗል፤ አይነሣ። ሳታ ሞድ ኤኤችሲአይ። ሲኤስኤም ክፍት። የካርዱ ፋን ከቆመ ማሽኑ ይዘጋ። ዲስክ ከመነቀሉ በፊት ቁጥሩ ይጻፍበት።»